ሲመሽ ከፍ የሚል ቮልቴጅ

ከኮተቤ ወይም ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሆኖ ወደ እንጦጦ ለሚያይ ሰው ምሽቱ ቸኩሎ ነው የሚመጣው። ፀሐይዋ ከገባች ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሰፈሩ ይጨልማል። በዚያች አጭር ጊዜ በፎቶ ሴል የሚሠራ መብራት ማንም ሳይነካው ቦግ ይላል። መምሸቱን ማን ነገረው?

በቀላል ሰርኪት ውስጥ ነጋሪዋ ሽምብራ የምታህል ኤልዲአር የምትባል ሬዚስተር ናት። ፊቷ ላይ የተጠማዘዘ የካድሚየም ሰልፋይድ መስመር አለ። ብርሃን ሲያርፍበት ታስረው የነበሩ ኤሌክትሮኖች ይፈታሉ፤ ከረንትም በቀላሉ ያልፋል። በጠራራ ፀሐይ 1,000 ኦም ገደማ የነበረው ተቃውሞዋ በድቅድቅ ጨለማ 1,000,000 ኦም ሊደርስ ይችላል። እንግሊዛዊው ዊሎቢ ስሚዝ ይህን ጠባይ በሴሌኒየም ላይ አይቶ ያሳወቀው በ1873 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ያኔ ሥራው ከባሕር ሥር የቴሌግራፍ ገመድ ጋር ነበር።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ኤልዲአር ቮልቴጅ አታመነጭም፣ ትካፈላለች እንጂ። ከ10,000 ኦም ቋሚ ሬዚስተር ጋር በተከታታይ አያይዘን 5 ቮልት እንስጣቸው። በሁለቱም የሚያልፈው ከረንት አንድ ስለሆነ የበለጠ የተቃወመው የበለጠ ቮልት ይወስዳል። ቀትር ላይ በ1,000 ኦም የኤልዲአሯ ድርሻ 0.45 ቮልት ብቻ ነው። 10,000 ኦም ስትደርስ እኩል 2.5 ቮልት ይደርሳቸዋል፤ በ1,000,000 ኦም 4.95 ቮልት የእሷ ይሆናል።

ኤልዲአሯን በኔጌቲቭ በኩል አድርገን ሁለቱ የሚገናኙበትን ነጥብ ወደ ትራንዚስተር ቤዝ ብንወስደው 0.6 ቮልት ገደማ ላይ ትራንዚስተሩ ይከፍትና አምፖሏ ትበራለች። ነገር ግን በ10,000 ኦሙ ሬዚስተር ለዚህ ኤልዲአሯ 1,400 ኦም ገደማ መድረሷ ይበቃል፤ የክረምት ደመና ብቻውን አምፖሏን በቀትር ሊያበራት ነው። ቋሚውን በ100,000 ኦም ብንተካው አምፖሏ ኤልዲአሯ 14,000 ኦም ገደማ እስክትደርስ፣ ማለትም እስኪመሻሽ፣ ትጠብቃለች። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ብርሃኑን የምታየው ኤልዲአሯ ብትሆንም «አሁን መሽቷል» የሚለውን የሚወስነው ምንም የማያየው ጓደኛዋ ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ኤልዲአሯ የራሷን አምፖል ካየች የነጋ ይመስላትና ታጠፋዋለች፤ ጨለማውን አይታ መልሳ ታበራለች፤ ብልጭ ድርግሙ አያቆምም። ስለዚህ መከለል አለባት። እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ባለ 1 ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች የሚጠብቁትም ይህንኑ ጨለማ ነው። የእነሱ ካሜራም ብርሃን በሲሊከን ውስጥ የሚፈታቸውን ኤሌክትሮኖች ይቆጥራል። ከለላ ግን ለእነሱ ማድረግ የሚቻለው ከታች ነው፤ በየካ መንገዶች ላይ፣ የእያንዳንዱን መብራት ፊት ወደ አስፋልቱ በመድፋት።