በጃፓን ባንኮኒ ፊት፦ ከዓሳው ይልቅ መረቁን ጠይቁ

ለትምህርት፣ ለካይዘን ሥልጠና ወይም ለመኪና ንግድ ወደ ጃፓን የሚሄድ ሙስሊም ብዙም ሳይቆይ የሚገጥመው ነገር አለ። ማታ ላይ ባልደረቦቹ ስምንት ወይም አሥር ወንበር ብቻ ወዳላት ጠባብ ምግብ ቤት ይዘውት ይገባሉ። ጠረጴዛ የለም፤ ሁሉም ትከሻ ለትከሻ ባንኮኒው ላይ ይቀመጣል፤ አብሳዩ ፊት ለፊት ቆሞ ይሠራል። እምቢ ብሎ መቅረት ሰውን ማስከፋት ነው፤ ዝም ብሎ መብላት ደግሞ ለአኺራ ዕዳ ነው።

ከእኛ ሰዎች ብዙዎቹን የሚያስደነግጣቸው ጥሬው ዓሳ ነው። በእርግጥ ጥሬ ክትፎ የሚበላ ሕዝብ በጥሬ ዓሳ መደንገጡ ትንሽ ያስቃል። በሸሪዓ ረገድ ግን ከሁሉም ቀላሉ እሱ ነው። ዓሳ መታረድ አያስፈልገውም፤ የባሕር ውሃ ንጹሕ፣ በውስጡ የሞተውም ሐላል መሆኑ ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በሐዲስ ተላልፏል። ልዩነቱ የሚመጣው እንደ ኦክቶፐስና ስኩዊድ ባሉት ላይ ነው፤ የሻፊዒያ ዑለማዎች ሲፈቅዱ ሐነፊያዎች ግን ከባሕር እንስሳት የሚፈቅዱት ዓሳን ብቻ ነው። ሁለቱም መዝሀቦች በሀገራችን ስላሉ እያንዳንዱ የተማረውን ይከተል።

ዶሮና የበሬ ሥጋ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አብዛኛው ጃፓናዊ ከአህለል ኪታብ ስላልሆነ በተራ ምግብ ቤት የሚቀርበው ሥጋ፣ ከሐላል እርድ መምጣቱ ካልታወቀ በስተቀር፣ አይበላም። «አሳማ የለበትም» መባሉ ብቻውን አይበቃም።

ዋናው አደጋ ያለው ፈሳሹ ውስጥ ነው። ራመን የሚባለው ባለ መረቅ ፓስታ ብዙ ጊዜ መረቁ ከአሳማ አጥንት ይቀቀላል፤ «ቶንኮትሱ» የሚለው ስም ራሱ ይህንኑ የሚናገር ነው። ላዩ ላይ ያለውን ሥጋ አንስቶ መረቁን መጠጣት ምንም አይፈታም። ሁለተኛው ሚሪን ነው። ይህ ከሩዝ የሚሠራ ጣፋጭ ፈሳሽ ሲሆን እውነተኛው ዓይነት 14 በመቶ ያህል አልኮል አለው፤ በጃፓን ሕግም እንደ መጠጥ ይቀረጣል። የሩዝ መጠጡ ሳኬም ማጣፈጫ ሆኖ ይገባል። «ሲፈላ ይተናል» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይተንም። ቢተንም እንኳ አስካሪ ነገርን አውቆ ምግብ ውስጥ መጨመር አይፈቀድም፤ ብዙው የሚያሰክር ነገር ጥቂቱም ሐራም ነው።

ሚሪን ባልጠረጠርነው ቦታ ይገኛል። የተጠቀለለ የእንቁላል ጥብስ ምንም የሌለበት ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ሚሪን አለበት። የተጠበሰ እባብ መሰል ዓሳ (ኡናጊ) ላይ የሚቀባው ቡናማ ሶስም፣ የሶባ ማጥቀሻም እንዲሁ ነው። የሱሺ ሩዝ ግን በአቼቶ፣ በስኳርና በጨው ይታሻል፤ አቼቶ ደግሞ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ያወደሱት ማባያ ነው። አንዳንድ አብሳዮች ሚሪን ስለሚጨምሩበት መጠየቅ አይከፋም።

አኩሪ አተር ሶስስ? ሲብላላ በራሱ ጥቂት አልኮል ይፈጠርበታል፤ የእንጀራ ሊጥ ሲቦካም ተመሳሳይ ነገር ይሆናል። ይህን ዓይነቱን ማንንም የማያሰክር ርዝራዥ ብዙ የዘመናችን ዑለማዎች ይቅር ይሉታል። ፋብሪካ እንዳይበላሽ ብሎ አልኮል የሚጨምርበትን ዓይነት በተመለከተ ግን ይለያያሉ፤ ልቡ ያልረጋ ሰው ዓሳውን በጨውና በሎሚ ቢበላ ይሻለዋል። ወላሁ አዕለም።

የባንኮኒው ጥቅም እዚህ ላይ ነው። አብሳዩ ከፊታችን አንድ ክንድ ርቀት ላይ ስለሆነ አስተናጋጅ መሃል ሳይገባ እጁን እያየን መጠየቅ እንችላለን። ጥያቄው ግን ዝርዝር ይሁን። «ሥጋ አልበላም» ብቻ ብንል መረቁንና ስቡን ሥጋ ብሎ ላይቆጥረው ይችላል። «ቡታኒኩ ዋ ታቤራሬማሰን» ማለት አሳማ መብላት አልችልም ነው፤ «ሚሪን ሃይቴ ኢማሱ ካ» ደግሞ ሚሪን አለበት ወይ? ቢላዋውንና መክተፊያውን እንዲያጥብልን በትሕትና መጠየቅም ነውር አይደለም።

የቤቱ ዓይነትም ይታይ። በር ላይ ቀይ ፋኖስ የተንጠለጠለበት ቤት ዋና ሥራው መጠጥ ነው፤ መጠጥ በሚዞርበት ማዕድ ላይ መቀመጥ ደግሞ በሐዲስ ተከልክሏል። ግብዣው ወደዚያ ከሆነ ሌላ ቤት ብንጠቁም ይሻላል፤ የሱሺ ቤት እንሂድ ቢባል ቅር የሚለው ጃፓናዊ ጥቂት ነው። እዚያም ሳኬ ስለሚሸጥ ገና ሲከፈት፣ በእኛ አቆጣጠር ብዙ ጊዜ 11 ሰዓት ገደማ፣ መግባት ይመረጣል።

ሶላትንም አስቀድሙ። ቶኪዮ ውስጥ ፈረንጆቹ ዲሴምበር በሚሉት ወር ፀሐይ የምትጠልቀው 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ መግሪብ ከእራት በፊት ይገባል፤ በጁን ግን 1 ሰዓት ስለሚሆን እራቱ መሃል ላይ ይደርሳል። ዮዮጊ ኡየሃራ ሰፈር ያለው የቶኪዮ ጃሚዕ መስጂድ ከሩስያ የተሰደዱ ታታር ሙስሊሞች እ.ኤ.አ. በ1938 ያቆሙት ሲሆን፣ የዛሬው ሕንጻ በ2000 የተከፈተ ነው፤ ከሺንጁኩ በባቡር ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

ከተቀመጣችሁ በኋላ ያለው ቀላል ነው። ቢስሚላህ ብላችሁ በቀኛችሁ ብሉ፤ ቾፕስቲኩን ሩዝ ላይ አቁማችሁ አትትከሉ፣ የቀብር ሥርዓት ነውና። ጉርሻ አይሰጥም። ወረፋ የቆመ ሰው ካለ ከበላችሁ በኋላ ወሬ አታርዝሙ፤ አልሐምዱሊላህ በሉና ለአብሳዩ «ጎቺሶሳማ» ብላችሁ ወንበሩን ልቀቁ።