ሣቅ ያጋባቸው

እንግሊዛዊቷ ደራሲ ጆርጄት ሄየር ከአንባቢ የሚጎርፍላትን ደብዳቤ የማኖር ልማድ አልነበራትም። ከወረቀቶቿ ጋር አንድ የአድናቂ ደብዳቤ ግን አስቀምጣ ነበር። የጻፈችው ሩማኒያ ውስጥ በፖለቲካ ሰበብ ዐሥራ ሁለት ዓመት የታሰረች ሴት ናት። በእነዚያ ዓመታት «ፍራይዴይስ ቻይልድ» የተባለውን የሄየርን ልብ ወለድ በቃሏ ለእስር ጓደኞቿ ትተርክላቸው እንደነበር፣ እሷም እነሱም አእምሯቸውን ሳይስቱ የቆዩት በዚያ ታሪክ መሆኑን ገልጣ አመስግናታለች።

መጽሐፉ በ1944 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ስለ ትግልም ስለ ነጻነትም አንዳች አይናገርም። ሼሪ የሚባል ሀብታምና ችኩል የባላባት ልጅ አንዲት ቆንጆ ለጋብቻ ይጠይቃል፤ እምቢ ትለዋለች። በንዴት ጦፎ መጀመሪያ የሚያያትን ሴት ሊያገባ ይምላል። የሚያያት ደግሞ ግንብ ላይ የተቀመጠች፣ ከልጅነቱ የሚያውቃት የሙት ልጅ ናት። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ እነዚህ ሁለት ልጆች ለንደን ውስጥ ባልና ሚስት ሆነው የሚያጠፉት ጥፋት፣ የሼሪ ጓደኞችም ያንን ለማቃናት የሚያዩት አበሳ ነው። ከጓደኞቹ አንዱ ፈርዲ ደግ ሰው ነው፤ ነገር ግን ቶሎ አይገባውም። ኔሜሲስ ስለምትባለው የግሪኮች የበቀል አምላክ ከትምህርት ቤት የቀረው ብዥ ያለ ትዝታ አለው። እሱ ግን ኔሜሲስ ከሰው ኋላ ኮቴውን አጥፍቶ የሚመጣ አንድ ግሪካዊ ይመስለዋል። ጓደኞቹም ይህ ግሪካዊ ማን እንደሆነ ግራ ሲገባቸው ማየት ነው።

እንዲህ ያለውን መጽሐፍ «ጊዜ ማሳለፊያ» ብለው የሚያልፉት ብዙ ናቸው። እስረኛዋ ግን የመረጠችው ይህንን ነው፤ ለምን እንደመረጠችውም ይገባኛል። ጠባብ ክፍል ውስጥ ለዓመታት ለተዘጋበት ሰው የታሪክ ሴራ ብቻውን አይበቃውም። ሴራ አንዴ ከታወቀ አለቀ። የማያልቀው ሰው ነው። ፈርዲን በደንብ የሚያውቅ እስረኛ ፈርዲ ስለ ዛሬው ወጥ፣ ስለ ዘበኛው፣ ስለ ብርዱ ምን ሊል እንደሚችል ያውቃል። በእኛም አገር ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቼልን ታሪካዊ የፍቅር ልብ ወለድ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ተርጉሞታል፤ ኋላም «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታትሞ እጃችን ገብቷል። ሰው እስር ቤት ውስጥ ለዚህ ዓይነቱ መጽሐፍ ያን ያህል ከደከመ፣ እኛም ቁም ነገር ብለን ልናየው ይገባል።

እኔ ሄየርን ያገኘኋት ለንደን ውስጥ፣ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ስሠራ ነው። ዐይናቸው የደከመ አንዲት እንግሊዛዊት አዛውንት ነበሩ። ቴሌቪዥን አይወዱም፤ ከራት በኋላ «እስኪ አንድ ምዕራፍ አንብቢልኝ» ይሉኛል። መጽሐፉ በ1965 እ.ኤ.አ. የታተመው «ፍሬደሪካ» ነው፤ ጀርባው በፕላስተር ተለብዷል። የኔ እንግሊዝኛ የመድኃኒትና የቀጠሮ እንግሊዝኛ ስለነበር የመጀመሪያዎቹ ገጾች ዳገት ሆኑብኝ። ውሻው እስኪመጣ ድረስ።

ፍሬደሪካ ወላጆቿ የሞቱባት የ24 ዓመት ልጅ ናት፤ ታናናሾቿን ይዛ ለንደን መጥታለች። የሩቅ ዘመዳቸው የሆነው ማርኪስ አልቨርስቶክ 37 ዓመቱ ነው። ሀብታም፣ ራስ ወዳድና ኑሮ የሰለቸው ሰው ነው። የቤተሰቡ ውሻ ሉፍራ አንድ ቀን ግሪን ፓርክ ውስጥ ላሞች ላይ ይለቀቃል። በዚያ ዘመን በፓርኩ ላሞች ይታለቡ፣ ወተቱም እዚያው ይሸጥ ነበር። ጠባቂዎች ሲከቧት ፍሬደሪካ ውሻው የማርኪሱ ነው ብላ ቁጭ! ሰዎቹ እየተከተሏት ማርኪሱ ቤት ድረስ ይመጣሉ። ማርኪሱ ያየውን ሁሉ እንደሚያባርር ቁጡ ጌታ ይነሳል ብለን ስንጠብቅ፣ ፊቱን ሳያጥፍ ውሸቱን ከሷ ተቀብሎ ይቀጥልበታል። ሁለቱ ሳይመካከሩ፣ ያንን አገር ቤት ያደገ ውሻ ባሉቺስታን ከሚባል የእስያ ምድር የመጣ ብርቅዬ ዘር ያደርጉታል። ጠባቂዎቹም አፍረው ይመለሳሉ። አዛውንቷ እኔ ቃሉን ጠርቼ ሳልጨርስ በሣቅ ፍርስ አሉ። እኔም ገጹን ማንበብ አቅቶኝ አብሬያቸው ሣቅሁ።

ሄየር ፍቅርን የምትጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ነገር፣ በአንድ ጊዜ፣ ሌላው ሰው ሳይገባው ይሥቃሉ። ከዚያ በኋላ አንባቢው ተረድቷል፤ እነሱ ግን ገና ናቸው። ፍሬደሪካ የማርኪሱን ልብ አንድም ቀን አልፈለገችም፤ የምታስበው ለቆንጆዋ እህቷ ባል ስለማግኘት ነው። ማርኪሱን የሚያሸንፈው መጀመሪያ የ12 ዓመቱ ፌሊክስ ነው። ልጁ የማሽን ነገር ሲነሳ ሌላው ሁሉ ይጠፋበታል፤ ያንን ኩሩ ሰውዬ የብረት ማቅለጫ ቤት ድረስ ይጎትተዋል። ኋላ ፌሊክስ በፊኛ ተንጠልጥሎ በሮ ሲጎዳ፣ ገበሬ ቤት ተኝቶ በትኩሳት ሲቃዥ፣ ማርኪሱ አልጋው አጠገብ ሌሊቱን ይቀመጣል። ሄየር «ሰውዬው ተለወጠ» ብላ አትነግረንም፤ ውኃ እያጠጣ፣ ልጁን እያባበለ ታሳየናለች።

ይህ ሁሉ የሚሆነው እንግሊዞች የእንደራሴው ዘመን በሚሉት ጊዜ ነው። ንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ አእምሮው ታውኮ ልጁ ከ1811 እስከ 1820 እ.ኤ.አ. በእንደራሴነት ገዝቷል። በአንድ በኩል ከናፖሊዮን ጋር ጦርነት፣ በሌላ በኩል ጭፈራ፣ ቁማርና የአለባበስ ውድድር የበዛበት ዘመን ነበር። ሄየር ይህንን ዘመን እንደ ሠፈሯ ታውቀዋለች። ማስታወሻዎቿን በአልባሳት፣ በባርኔጣ፣ በቤት ዕቃ፣ በዋጋ እየለየች ትይዝ ነበር፤ ሻማ በየትኛው ዓመት ስንት እንደነበረ ሳይቀር መዝግባለች። በ1937 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው «አን ኢንፌመስ አርሚ» የዋተርሎን ጦርነት የሚተርክበት መንገድ በትክክለኛነቱ የተመሰገነ ነው። ገጸ ባሕርዮቿ በነጻነት የሚቀልዱት መሬቱ ስለጠነከረላቸው ነው። አንዲት ሴት ብቻዋን ሠረገላ ነድታ በአንድ መንገድ ብታልፍ ስሟ እንደሚጠፋ ካላወቅን ድፍረቷ አያሥቀንም።

ትጋቷ ከልጅነቷ የጀመረ ነው። የመጀመሪያ መጽሐፏን የፈጠረችው በ17 ዓመቷ፣ ደም አልረጋ እያለ የሚያሠቃየውን ታማሚ ወንድሟን ለማጫወት ነው። መጽሐፉ በ1921 እ.ኤ.አ. ታተመ። በ1926 እ.ኤ.አ. «ዚዝ ኦልድ ሼድስ» ሲወጣ እንግሊዝ አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ላይ ስለነበረች ስለ መጽሐፉ የጋዜጣ ወሬም ማስታወቂያም አልነበረም፤ መጽሐፉ ግን 190,000 ቅጂ ተሸጠ። ከዚያ በኋላ ለመጽሐፍ ሽያጭ ብላ ጋዜጠኛ ፊት ቀርባ አታውቅም። ባሏ የማዕድን መሐንዲስ ስለነበር ታንጋኒካ፣ ዛሬ ታንዛኒያ በምንለው አገር፣ ጫካ ውስጥ የሣር ጎጆ ቀልሰው ኖረዋል። በ1745 እ.ኤ.አ. የሆነ ታሪክ የሚተርከውን «ዘ ማስኬሬደርስ» የጻፈችው እዚያ፣ ቤተ መጻሕፍት በሌለበት ነው።

ጉድለቷን ግን መሸፈን አልፈልግም። በ1950 እ.ኤ.አ. ባወጣችው «ዘ ግራንድ ሶፊ» ውስጥ አንድ አይሁዳዊ አራጣ አበዳሪ አለ፤ የተሣለበት መንገድ ጥላቻ ነው። አውሮፓ ያንን ሁሉ አይሁዳዊ ከፈጀች ገና አምስት ዓመቷ ነበር። ምክንያት አይገኝለትም። የባላባቶቿ ሀብት ከየት እንደመጣም አትጠይቅም፤ በዚያ ዘመን የብዙ እንግሊዛውያን ጌቶች ገንዘብ በካሪቢያን የስኳር እርሻ ባሮች ላብ የተገኘ ነበር። አንባቢ ይህንን እያወቀ ያንብብ።

ከሁሉም አብልጬ የምወድላት በ1961 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ኤ ሲቪል ኮንትራክት» ነው። ጀግናዋ ጄኒ ቆንጆ አይደለችም፤ ወፍራም፣ ዝምተኛ የነጋዴ ልጅ ናት። አዳም የሚያገባት የአባቱን ዕዳ ለመክፈል ነው፤ ልቡ ያለው ሌላ ሴት ጋ ነው፣ ጄኒም ታውቃለች። ከሠርጉ በኋላ የምናየው ቤት አያያዝ፣ ምግብ፣ እርሻ፣ ሁሉን በወርቅ መለበጥ የሚወድ ደግ አማት ነው። ፍቅሩ እንደ እሳት አይነድም። አዳም አንድ ቀን ዞር ብሎ ሲያይ፣ ያለ ጄኒ ቤቱ ቤት እንደማይሆን ይገባዋል።

የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ ታሪካዊ የፍቅር ልብ ወለድን የምንለካው በእሱ ነው፤ ይገባዋልም። እዚያ የሚያሥቀን ጉዱ ካሣ ነው፤ የሚያፈቅሩት ግን በዛብህና ሰብለ ወንጌል ናቸው፤ ፍቅራቸውም እንባ ነው። ሄየር ጋ ምላሰ ስሉና አፍቃሪው አንድ ሰው ነው። ይህንን ጣዕም በአማርኛ ማንበብ እመኛለሁ። አማርኛ ነገር አዋቂ ቋንቋ ነው፤ አሽሙሩም፣ ወርቁም፣ የሽማግሌ ለዛውም አለው። የሄየርን ጨዋታ የሚሸከም ተርጓሚ አይጠፋም፤ አሳታሚዎችም ከወፍራም የታሪክ መጻሕፍት ጎን ለዚህ ቦታ ይስጡ። እስከዚያው እንግሊዝኛ የሚያነብ በ«ፍሬደሪካ» ይጀምር፤ በትዳር የቆየ ሰው ግን «ኤ ሲቪል ኮንትራክት»ን ያስቀድም።