ከካዛንቺስ እስከ ቀጣይዋ ፀሐይ

ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ካዛንቺስ፣ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን (ኢሲኤ) ግቢ ውስጥ ባለው የአፍሪካ አዳራሽ የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም የመስተዋት ሥዕል ቆሟል። ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር ነው። መሬት ከፀሐይ የምትርቀው ደግሞ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለእያንዳንዱ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር አንድ ካሬ ሜትር መስተዋት ደረሰው ማለት ነው። አጋጣሚ ነው፤ ግን ሁለቱ ቁጥሮች አንዴ ጎን ለጎን ከተቀመጡልኝ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጡም።

የመስተዋት ሥዕል ከሸራ ሥዕል የሚለየው፣ ሠዓሊው እጁን ታጥቦ ከሄደ በኋላም ፀሐይ በየቀኑ ሥራውን መቀጠሏ ነው። በመስተዋቱ አልፎ፣ በቀለም ተነክሮ ወለሉ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ፀሐይን የለቀቀው ከ8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ በፊት ነው። ቡና ተቆልቶ ጢሱ ለእንግዶች እስኪዞር ድረስ ያለችው ጊዜ ናት። የብዛቱ ነገር ደግሞ ይብስ ያስደነግጣል። ጥርት ባለ ቀን የቀትር ፀሐይ በቀጥታ በምታርፍበት አንድ ካሬ ሜትር ላይ በየሰከንዱ የሚወርዱት የብርሃን ቅንጣቶች፣ ፎቶን የሚባሉት፣ 4 ተጽፎ ከኋላው 21 ዜሮ እንደሚከተል ቁጥር ናቸው። በዓለም ያለው 8 ቢሊዮን ሕዝብ ሁሉ ሥራውን ትቶ፣ እንቅልፉንም ትቶ፣ እያንዳንዱ ሰው በሰከንድ አንድ አንድ ቢቆጥር፣ የዚያችን የአንዲት ካሬ ሜትር የአንዲት ሰከንድ ብርሃን ለመጨረስ ወደ 16 ሺህ ዓመት ይፈጅበታል።

ሎሬት አፈወርቅ ከአንኮበር ተነሥተው በ15 ዓመታቸው ወደ እንግሊዝ አገር ሲላኩ የማዕድን ምሕንድስና እንዲያጠኑ ነበር የታሰበው። ከምድር ሆድ ማዕድን እንዲያወጣ የተላከ ልጅ ከሰማይ የሚወርደውን ብርሃን መግራት ተምሮ ተመለሰ። አዳራሹ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በግንቦት 1955 ዓ.ም. የ32 አገሮች ተወካዮች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን መሠረቱበት፤ ለዓመታት ታድሶም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፈተ። እኔ ለዚህ አዳራሽ ደጃፍ አንድ ነገር እመኛለሁ። የሰፈሩ ልጆች በእጃቸው የሚሠሩት፣ በእግራቸው የሚገቡበት፣ ጠፈርን ወደ ቂርቆስ ጎዳና የሚያወርድ የጥበብ ሥራ። ልኬቱም መስተዋቱ የነገረኝ ይሁን፤ 1 ሜትር ለ1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር።

ፀሐይ በዚህ ልኬት 1 ሜትር ከ39 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች። የ10 ወይም የ11 ዓመት ልጅ ቁመት ነው። ስለዚህ ፀሐይን ከብረትና ከፕላስቲክ መሥራት አያስፈልግም፤ አንድ ልጅ እጁን ዘርግቶ አዳራሹ ደጃፍ ላይ ይቁም። ሌላው ሁሉ ከጉልት ይሸመታል። ሜርኩሪ ምስር ናት፤ 58 ሜትር ርቃ ትቀመጣለች። ቬነስ በ108 ሜትር ላይ ያለች ብይ ናት። መሬትም ብይ ናት፤ 150 ሜትር ሄደን እናስቀምጣታለን። ጨረቃ አንዲት የድምብላል ፍሬ ሆና ከብዩ በ38 ሴንቲ ሜትር ላይ ታርፋለች። የሰው ልጅ እስከ ዛሬ በአካል የሄደበት ርቀት ሁሉ እዚያች ክንድ በማትሞላ ስፋት ውስጥ፣ በብይና በድምብላል መካከል ነው ያለው፤ ቢያልፍም ለጥቂት ነው። ያቺ ብይ፣ ልጁ የቆመበትን ፀሐይ በሙሉ ለመሙላት 1.3 ሚሊዮን ጊዜ ያህል መባዛት አለባት።

ማርስ አተር ናት፤ 228 ሜትር። ከዚያ በኋላ መንገዱ ባዶ ይሆናል። ጁፒተር 14 ሴንቲ ሜትር፣ ደህና ትርንጎ ያህል ሆኖ የሚገኘው በ778 ሜትር፣ ወደ መስቀል አደባባይ ወርደን ነው። ሳተርን ከትርንጎው ትንሽ አንሶ 1.4 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ለገሃር አካባቢ። ዩራነስ ሎሚ ነው፤ 2.9 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ የአፍሪካ ኅብረት ዋና ጽሕፈት ቤት ያለበት አካባቢ ይደርሳል። ኔፕቱን ሌላ ሎሚ ሆኖ 4.5 ኪሎ ሜትር ላይ፣ በሌላ አቅጣጫ ከሄድን ለቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ጥቂት ሲቀር። በቃ። አንድ ልጅ፣ አንድ ምስር፣ ሁለት ብይ፣ አንዲት ድምብላል፣ አንድ አተር፣ አንድ ትርንጎና መሰሉ፣ ሁለት ሎሚ። የቀረው የከተማው ስፋት ሁሉ ባዶ ነው። ይህን ባዶነት መጽሐፍ ላይ ያለ ሥዕል ሊያሳይ አይችልም፤ ገጹ ላይ እንዲገቡ ሲባል ፕላኔቶቹ ትከሻ ለትከሻ ይደረደራሉ። መንገድ ብቻ ነው እውነቱን የሚናገረው፣ ምክንያቱም እግር ይደክማል።

ስዊድኖች ይህን በአገር ደረጃ ሠርተውታል። በእነሱ ልኬት ፀሐይ ስቶክሆልም ያለ 110 ሜትር ስፋት ያለው ክብ አዳራሽ ነው፤ ጁፒተር ደግሞ አርላንዳ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተቀምጧል። ትልቅ ነው፤ ግን መኪና ይፈልጋል። የቂርቆሱ ለሕፃን እግር የተመጠነ ነው።

በዚህ ልኬት ላይ አንድ ነገር ሳሰላ ደጋግሜ አረጋገጥኩት፤ የሆነ ቦታ የተሳሳትኩ መስሎኝ ነበር። በዓለም ላይ ከሁሉ የሚፈጥነው ብርሃን በቂርቆስ ጎዳና ላይ በሰከንድ 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው የሚሄደው። ከልጁ እስከ ብዩ ያለችውን 150 ሜትር እኛ ሳንቸኩል በ2 ደቂቃ እንጨርሳታለን፤ ብርሃን ግን ያቺን 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንዷን ይፈጅባታል። ኔፕቱን ጋ እኛ በአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ስንደርስ እሱ ከ4 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ለካ ብርሃን ዘገምተኛ ሆኖ አይደለም፤ ሰማዩ ነው የሰፋው።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የተወነጨፈችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት፣ ክብደቷ 70 ኪሎ ገደማ፣ ከምድር ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነበር የምትዞረው። ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች ከቻይና ባለሙያዎች ጋር ሠርተዋታል፤ መቀበያ ጣቢያውም እንጦጦ ላይ ነው። በብዩ ላይ ይህ ከፍታ 0.6 ሚሊ ሜትር ነው፣ የጥፍር ውፍረት። ያን ቀን ብዙዎቻችን በኩራት ቀና ያልንበት ርቀት ይህ ነው፤ ኩራቱን አይቀንሰውም። በሰው እጅ ከተሠራ ሁሉ ርቆ የሄደው ቮየጀር 1 በ1969 ዓ.ም. ማብቂያ ተነሥቶ ከ25 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዟል። ከካዛንቺስ ቢለካ ሰበታ ደርሷል። በየቀኑም ወደ አንድ ሜትር ተኩል ይጨምራል። በላዩ ላይ በ55 ቋንቋዎች የተቀዳ ሰላምታ ያለበት የወርቅ ሸክላ አለ፤ የእንግሊዝኛውን ሰላምታ በምድር ልጆች ስም የተናገረው የ6 ዓመት ልጅ ነው። ከ55ቱ ውስጥ አማርኛ የለበትም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ከሰበታ ወዲያ የሚሄደውን መንገድ አሻግሬ አያለሁ።

አማርኛ ግን በሌላ በር ገብቷል። ለዚህኛው ልኬት አያስፈልግም፤ እንዳለ፣ አንድ ለአንድ ቂርቆስ ላይ ይቀመጣል። በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ በተገኘችው፣ ፈረንጆች ሉሲ በሚሏት በድንቅነሽ ስም የተሰየመች መንኮራኩር በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ተወነጨፈች። ጥቅምት 21 ቀን 2016 ዓ.ም. በሰከንድ 4.5 ኪሎ ሜትር እየበረረች፣ ማለትም ከአፍሪካ አዳራሽ ኔፕቱናችን እስካለበት በአንዲት ሰከንድ እየዘለለች፣ በ430 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት በአንዲት የጠፈር ዓለት አጠገብ አለፈች። የዓለቷ ስም ድንቅነሽ ነው። ስፋቷ 720 ሜትር ገደማ፣ አዳራሹ ደጃፍ ተነሥታ እስከ መስቀል አደባባይ ዳር የምትደርስ ድንጋይ። ሳይንቲስቶቹ አንዲት ዓለት ለማየት ሄደው ሥዕሉ ሲደርሳቸው ጎኗ ሌላ ትንሽ ጨረቃ አገኙ፤ ጥቂት ቀናት ቆይቶ ደግሞ ጨረቃዋ ራሷ ሁለት ድንጋዮች ተሳስመው የተጣበቁባት ሆነች። በሌላ የጠፈር ዓለት ዙሪያ ስትዞር እንዲህ ያለች የታየችው ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ስሟንም ሰላም አሏት። በዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የተመራው ቡድን ዲኪካ ላይ ባገኛት፣ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ባስቆጠረችው የ3 ዓመት ገደማ ሕፃን ስም ነው።

ከድንቅነሽ እስከ ሰላም 3.1 ኪሎ ሜትር ነው። ድንቅነሽን አፍሪካ አዳራሽ ላይ ብናሳርፋት፣ ሰላም የአፍሪካ ኅብረት ዋና ጽሕፈት ቤት ሰፈር ላይ ትወድቃለች። ሁለቱ ድንጋዮቿ 210ና 230 ሜትር ናቸው፤ ትንሹ ከንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት 209 ሜትር ሕንፃ ጋር ራስ ለራስ ይገጥማል። በ53 ሰዓት ገደማ አንድ ዙር ትጨርሳለች፤ ቅዳሜ ጠዋት ከኅብረቱ ሰፈር ብትነሣ፣ አዳራሹን በሩቁ እየዞረች ሰኞ ቀትር ላይ እዚያው ትገኛለች።

ሥራው ቂርቆስ ብቻ አይቅር፤ የሰፈሩ ልጆች ከሌላ ከተማ ልጆች ጋርም የሚለዋወጡት ነገር ይኑራቸው። ዱላና ስልክ ይበቃል። በየዓመቱ ሚያዝያ 5 ገደማ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ25 አካባቢ፣ ፀሐይ በአዲስ አበባ አናት ላይ ቀጥ ትላለች። ቂርቆስ ውስጥ ቀጥ ብሎ የተተከለ የ1 ሜትር ዱላ በዚያች ቅጽበት ጥላ የለውም። ከ5 ደቂቃ በኋላ፣ ቀትሩ ጎንደር ሲደርስ፣ እዚያ የተተከለ ተመሳሳይ ዱላ ወደ ሰሜን 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጥላ ይጥላል። የጎንደሩ ልጅ ደውሎ «ስድስት» ይላል፤ የቂርቆሱ «ዜሮ» ይላል። 6 ሴንቲ ሜትሩ 3.6 ዲግሪ ያህል ማዕዘን ነው፤ ይህም የክብ አንድ መቶኛ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ጎንደር ወደ ሰሜን ብቻ ሲለካ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው። በመቶ ስናባዛው 40 ሺህ፤ የመሬት ዙሪያ። የግሪኩ ሊቅ ኤራቶስቴኔስ ከ2,200 ዓመት በፊት በአስዋንና በእስክንድርያ መካከል ያደረገው ይህንኑ ነው፣ ከጎንደር ሥር ከጣና የሚወጣው ዓባይ በሚያልፍበት አገር። እሱ የክብ አንድ ሃምሳኛ ነበር ያገኘው። የኛ አገር አንድ መቶኛ ሰጥታናለች፤ ለአምስተኛ ክፍል ተማሪ ከዚህ የቀለለ ሒሳብ አይገኝም።

ያ 40 ሺህ ነው መጨረሻ ላይ ያስደነገጠኝ። ከፀሐይ ቀጥላ ያለችው ቅርቧ ኮከብ ፕሮክሲማ 4.24 የብርሃን ዓመት ትርቃለች፤ 40 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ማለት ነው። በቂርቆስ ልኬት፣ 1 ሜትር ለ1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር፣ 40 ሺህ ኪሎ ሜትር ይሆናል። የመሬት ሙሉ ዙሪያ። ፕሮክሲማ ትንሽ ኮከብ ስለሆነች ስፋቷ 21 ሴንቲ ሜትር፣ የእግር ኳስ ያህል ናት። ስለዚህ ፀሐይ ሆኖ የቆመው ልጅ እዚያው አዳራሹ ደጃፍ ላይ ይጠብቅ፤ ጓደኛው ኳሷን በብብቱ ይዞ ይነሣ። ብይዋን፣ ትርንጎውን፣ ሎሚዎቹን ያልፋል። ከቦሌ ወዲያ ሌላ የሚያስቀምጠው ፕላኔት የለውም። ውቅያኖስ ያቋርጣል፣ ሌላ አህጉር፣ ሌላ ውቅያኖስ፣ በመንገዱ ሁሉ አንድም ኮከብ ሳያገኝ፣ በሌላው አቅጣጫ ካዛንቺስ ይገባና ኳሷን ከልጁ ኋላ ያስቀምጣል።