ያለ ብረት የሚሠራ ሞተር

ውድድሩ የሚጀምረው በአጭር ደንብ ነው። ለምሳሌ እንዲህ ሊል ይችላል፦ ሞተሩ አራት ሲሊንደር ይሁን፤ ከ2,000 ሲሲ አይብለጥ፤ በ95 ኦክቴን ቤንዚን ይሥራ፤ የሚገጠመው በ1995 ለገበያ በሚቀርብ የቤተሰብ መኪና ላይ ነው። ደንቡን ያነበቡ ተወዳዳሪዎች በየአገራቸው ኮምፒውተራቸውን ከፍተው ሥራ ይጀምራሉ። ብረት የሚያቀልጥ የለም፤ እጁ ግራሶ የሚነካ የለም። ቀነ ገደቡ ሲደርስ ግን እያንዳንዱ ከካንዴላው እስከ ማርሚታው የተሟላ፣ ጉልበቱም ወጪውም የታወቀ ሞተር ያስረክባል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለእንዲህ ያሉ ውድድሮች መድረክ ከሆኑት አንዱ “ኦቶሜሽን” የተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። የሠራው ካምሻፍት ሶፍትዌር የተባለ የኒውዚላንድ ድርጅት ሲሆን፣ በ2015 ገና ተሠርቶ ሳያልቅ በስቲም መደብር ለሽያጭ ቀርቧል። ጨዋታ ይባል እንጂ እምብርቱ የንድፍ ጠረጴዛ ነው። ተጫዋቹ ከ1946 እስከ 2020 ካሉት ዓመታት አንዱን ይመርጣል፤ የሚፈቀድለትም በዚያ ዓመት የነበረው ቴክኖሎጂ ብቻ ነው። በ1950 ሞተር ላይ ኤሌክትሮኒክ ኢንጀክሽን ልግጠም ቢል አያገኝም፤ ከካርቡራቶር ጋር መታገል አለበት።

ሥራው ደረጃ በደረጃ ይሄዳል። መጀመሪያ የሞተሩ ብሎክ ከብረት ይሁን ከአሉሚኒየም፣ የሲሊንደሩ ስፋትና የፒስተኑ ጉዞ ስንት ይሁን የሚለው ይወሰናል። ከዚያ ክራንክሻፍት፣ ቢዬላና ፒስተን ይመረጣሉ። ቀጥሎ ቴስታታውና ቫልቮቹ፣ ከእነሱ በኋላ ቱርቦ ይኑር አይኑር፣ በመጨረሻም የነዳጁና የጭስ ማውጫው ነገር ይመጣል። አንድ ነገር በተነካ ቁጥር የሞተሩን ጉልበት የሚያሳየው መስመር በስክሪኑ ላይ እንደገና ይሣላል። ከጎኑ ክብደቱ፣ የማምረቻ ዋጋው፣ የነዳጅ ፍጆታው፣ አስተማማኝነቱ፣ ድምፁና የአሠራሩ ልስላሴ በቁጥር ተቀምጠዋል። ተወዳዳሪውን እንቅልፍ የሚነሱት እነዚህ የጎን ቁጥሮች ናቸው። የተቀጠቀጠ ፒስተን ቢመርጥ ሞተሩ ከፍተኛ ዙር ይችላል፣ ዋጋው ግን ይንራል። ማርሚታውን ቢያቀል ጉልበት ያገኛል፣ ድምፁ ግን ያይላል።

የአራት ሲሊንደር ውድድር በተለይ የሚያጓጓው ይህ የሞተር ዓይነት በዓለም ላይ በብዛት ከሚነዱት አንዱ በመሆኑ ነው። የፎርድ ሞዴል ቲ በ2.9 ሊትር 20 የፈረስ ጉልበት ብቻ የሚሰጥ አራት ሲሊንደር ነበረው። የአዲስ አበባዋ ላዳ ታክሲ አራት ሲሊንደር ናት፤ ኮሮላ ዲኤክስም እንዲሁ። ቮልስዋገን ቢትልም አራት ሲሊንደር ናት፤ ልዩነቷ ሁለት ሁለቱ በግራና በቀኝ ተጋድመው መተኛታቸው ነው። ስለዚህ ተወዳዳሪው ንድፉን የሚያመሳክርበት እውነተኛ ሞተር አያጣም።

የመጀመሪያው ከባድ ውሳኔ የስፋትና የጉዞ ነው። ደንቡ 2,000 ሲሲ ከፈቀደ አንዱ ተወዳዳሪ ሲሊንደሩን 86 ሚሊ ሜትር ስፋትና 86 ሚሊ ሜትር ጉዞ ሊሰጠው ይችላል። ድምሩ 1,998 ሲሲ ይሆናል። ይህ የቶዮታ 3ኤስም የኒሳን ኤስአር20ም ልክ ነው፤ ሁለቱ ተቀናቃኝ ኩባንያዎች እዚያው ቁጥር ላይ ተገናኝተዋል። ሌላው ተወዳዳሪ የቮልስዋገንን መንገድ ይከተል ይሆናል፦ 82.5 በ92.8፣ ማለትም 1,984 ሲሲ። ጠበብና ረዘም ያለ ሲሊንደር ነው።

ልዩነቱ የት ነው? ሰፊው ሲሊንደር ለቫልቮች ቦታ ይሰጣል፤ የ86ቱ ጣሪያ ከ82.5ቱ በ9 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ጉዞው አጭር ስለሆነም ፒስተኑ በአንድ ዙር የሚሮጠው ርቀት ያንሳል። በደቂቃ 7,000 ዙር ሲዞር የ86ቱ ፒስተን በአማካይ በሰከንድ 20 ሜትር ይጓዛል። የ92.8ቱ ፒስተን ያንኑ ፍጥነት 6,500 ዙር አካባቢ ላይ ይደርስበታል። ፒስተን በፈጠነ መጠን ቢዬላው ላይ የሚያርፈው ጫና፣ ፋሻው ላይ የሚመጣው መፋተግ ይጨምራል፤ ስለዚህ ባለ ረጅም ጉዞው ሞተር ቀደም ብሎ ገደቡን ይነካል። በምትኩ ማቃጠያው ክፍል የታመቀ ስለሆነ ከነዳጁ የሚወጣው ሙቀት በግድግዳው በኩል በብዛት አያመልጥም። ቶዮታ ከ2018 ካምሪ ጋር ባስተዋወቀው 2.5 ሊትር ሞተር የመረጠው ይህን መንገድ ነው፤ ስፋቱ 87.5፣ ጉዞው 103.4 ሚሊ ሜትር ነው። ከነዳጁ ኃይል 40 በመቶውን ወደ ሥራ ይቀይራል፤ ለቤንዚን መኪና ይህ ከፍተኛ ውጤት ነው።

በሌላው ጫፍ የሆንዳ ኤስ2000 ቆሟል። በ1999 የወጣው ኤፍ20ሲ ሞተሩ ያለ ቱርቦ፣ በ1,997 ሲሲ፣ በጃፓን 250 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር። ዙሩ እስከ 9,000 ይወጣል፤ ጉዞው 84 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የፒስተኑ አማካይ ፍጥነት በሰከንድ 25 ሜትር ያልፋል። ለመንገድ መኪና ይህ እጅግ ከፍተኛ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሆንዳ የሲሊንደሩን ስፋት ሳይነካ ጉዞውን ወደ 90.7 አሳደገው፤ ሞተሩ 2,157 ሲሲ ሆነ፤ የዙሩ ጣሪያም ወረደ። በአሜሪካ የተነገረው ጉልበት እዚያው 240 አካባቢ ቀረ፤ የመጠምዘዝ ኃይሉ ግን ጨምሮ ዝቅ ባለ ዙር መገኘት ጀመረ። በውድድሩ ላይ ያለ ሰው በአንድ ምሽት የሚሞክረውን ለውጥ ሆንዳ በእውነተኛ ብረት ሠርቶ አሳይቷል።

ቀጥሎ የአየር ነገር ይመጣል። ሞተር ጉልበት የሚያገኘው በሚያስገባው አየር ልክ ነው፤ ነዳጅ መጨመርማ ቀላል ነው። አየሩን የሚያስገቡትና የሚያስወጡት ቫልቮች በመሆናቸው ቴስታታው የንድፉ ልብ ነው። ፔዦ በ1912 የፈረንሳይን ግራንድ ፕሪ ያሸነፈው በቴስታታው ላይ ቫልቮቹን የሚከፍቱ ሁለት ካምሻፍት፣ በእያንዳንዱ ሲሊንደር ደግሞ አራት ቫልቭ ባለው 7.6 ሊትር ሞተር ነበር። በቀጣዩ ዓመት ያው ኩባንያ በአሜሪካው የኢንዲያናፖሊስ ውድድር ላይ ድል አድርጓል። የዛሬው 16 ቫልቭ ያንኑ አሠራር ተከትሎ የመጣ ነው። በውድድሩ ግን ሁልጊዜ ያዋጣል ማለት አይደለም። ደንቡ ርካሽ የ1970 መኪና ከፈለገ ሁለት ካምሻፍት ዋጋውንና የጥገና ወጪውን ያንረዋል። ሰልፉን የሚመራው አንድ ካምሻፍትና ስምንት ቫልቭ ያለው ቀለል ያለ ሞተር ሊሆን ይችላል።

ካምሻፍቱ ራሱ ቫልቮቹን ለምን ያህል ጊዜ ከፍቶ እንደሚያቆይ መወሰን አለበት። ለረጅም ጊዜ የሚከፍት ካም በከፍተኛ ዙር ሞተሩን ያስፈነጥዘዋል፤ ከፌርማታ ሲነሳ ግን ያደክመዋል። ጀማሪ ተወዳዳሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸወደው እዚህ ነው። መስመሩ ጫፍ ላይ ሲያሻቅብ አይቶ ይደሰታል፤ የቤተሰብ መኪና አብዛኛውን ዕድሜዋን የምታሳልፈው ከ1,500 እስከ 3,500 ዙር ባለው መካከል መሆኑን አያስተውልም።

ኮምፕሬሽንም የራሱ ዋጋ አለው። የአየሩና የነዳጁ ድብልቅ ይበልጥ በታመቀ ቁጥር ከአንድ ጠብታ ነዳጅ ብዙ ሥራ ይወጣል። ከልክ ሲያልፍ ግን ነዳጁ ከእሳቱ ቀድሞ በራሱ ይነድዳል፤ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ፒስተኑም ይጎዳል። ነዳጁ ይህን ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚነገረው በኦክቴን ነው፤ ደንቡ የኦክቴን ገደብ የሚያስቀምጠውም ለዚህ ነው። ቱርቦ ሲገባ ችግሩ ይብሳል፤ ቱርቦው ራሱ አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ ኮምፕሬሽኑን ቀነስ ማድረግ ግድ ይሆናል። በ1983 ኔልሰን ፒኬ የፎርሙላ 1 ሻምፒዮን የሆነበት የቢኤምደብሊው ሞተር ከመንገድ መኪና ብሎክ የተወለደ 1.5 ሊትር አራት ሲሊንደር ባለ ቱርቦ ነበር። የቱርቦ ጥቅም ከፍ ባለ ቦታ ጎልቶ ይታያል፦ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ አየሩ በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚሳሳ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በካታሎጉ ላይ የተጻፈለትን ጉልበት አይሰጥም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የአራት ሲሊንደር ሞተር የተፈጥሮ ሕመም ይቀራል። ሁለት ፒስተኖች ሲወጡ ሁለቱ ይወርዳሉ፤ ሚዛኑ የተሟላ ይመስላል። ነገር ግን ቢዬላው ስለሚያጋድል ፒስተን በጉዞው የላይኛው ግማሽ ከታችኛው ግማሽ ይፈጥናል። የሚወጡትና የሚወርዱት ሙሉ በሙሉ አይጣጣፉም፤ የቀረው ኃይል በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ሞተሩን ይነቀንቀዋል። ዙሩ እጥፍ ሲሆን ንቅናቄው አራት እጥፍ ይሆናል። መድኃኒቱን ያገኘው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ላንቸስተር ነው፦ በተቃራኒ አቅጣጫ፣ በክራንክሻፍቱ እጥፍ ፍጥነት የሚዞሩ ሁለት ዘንጎች። በ1970ዎቹ ሚትሱቢሺ አሻሽሎ አነቃቃው፤ ፖርሸም 944 የተባለችውን መኪና በ2.5 ሊትር አራት ሲሊንደር ሞተር ሲሠራ የሚትሱቢሺን ፈቃድ ገዝቶ ተጠቀመበት። ፒስተኑ በከበደና ጉዞው በረዘመ ቁጥር ንቅናቄው ስለሚብስ፣ ትልቅ አራት ሲሊንደር የሚነድፍ ሰው ከልስላሴው ላይ እንደሚከፍል ከመነሻው ማወቅ አለበት።

ታዲያ ማን ያሸንፋል? አዘጋጁ ለጉልበት፣ ለነዳጅ፣ ለዋጋ፣ ለአስተማማኝነትና ለልስላሴ የተለያየ ነጥብ ይመድባል። ከፍተኛ ጉልበት ያወጣው ሞተር በነዳጅና በዋጋ ተቀጥቶ ወደ መሐል ይወርዳል። ሁሉንም አመጣጥኖ በየትኛውም ዘርፍ አንደኛ ያልወጣ ሞተር ደግሞ በድምሩ ሊመራ ይችላል። ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ተወዳዳሪዎች ንድፍ ከመጀመራቸው በፊት ደንቡን ደጋግመው የሚያነቡት። አዘጋጁ ለድምፅ ነጥብ መመደብ ከረሳ ማርሚታውን አውልቆ የሚመጣ አይጠፋም፤ ዋጋውን ካልገደበ ውድ የሆነው ዕቃ ሁሉ ይገጠማል። ክፍተት የሌለበት ደንብ መጻፍ ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

በእውነተኛ ብረት የሚወዳደሩ የምሕንድስና ተማሪዎችም ይህን ያውቁታል። በፎርሙላ ተማሪዎች ውድድር ሞተሩ ከ710 ሲሲ እንዳይበልጥ፣ በቤንዚን ለሚሠራውም አየሩ በ20 ሚሊ ሜትር ጉሮሮ ብቻ እንዲያልፍ ደንቡ ያስገድዳል። ብዙ ቡድኖች የሞተር ሳይክል አራት ሲሊንደር ሞተር ወስደው በዚያች ጠባብ ጉሮሮ የሚገባው አየር እንዳይባክን ሲታገሉ ይከርማሉ።

ኮምፒውተሩ የማይሰጠውም አለ። ቀልጦ ሲፈስ አየር የቋጠረ ብረት፣ በጥድፊያ የተጠበቀ ብሎን፣ በሙቀት የተጣመመ ቴስታታ በስክሪኑ ላይ አይታዩም። ቢሆንም ንድፉ በቁጥር ብቻ አይቀርም። ከ2018 ጀምሮ በኦቶሜሽን የተሠራ መኪና ከነሞተሩ አንድ የጀርመን ኩባንያ ወደ ሠራው የመንዳት ጨዋታ፣ ወደ ቢምኤንጂ፣ መላክ ይቻላል። ዳገት ላይ አልነሳ የሚለው ሞተር እዚያ ይታወቃል፤ ካሙን ያበዛው ሰውም ለምን እንደተሸነፈ በገዛ እጁ እየነዳ ይረዳዋል።

መጀመር ለሚፈልግ አንባቢ የላዳ ሞተር ቤተሰብ ጥሩ መለማመጃ ነው። ሶቪየቶች የፊያት 124ን መኪና ሲወስዱ ካምሻፍቱን ከብሎኩ አውጥተው ወደ ቴስታታው አዛወሩት። ከዚያ በሁለት ስፋት፣ በ76 እና በ79፣ እንዲሁም በሁለት ጉዞ፣ በ66 እና በ80 ሚሊ ሜትር፣ አራት ሞተር አወጡ፦ 76 በ66 ሲሆን 1,198 ሲሲ፤ 79 በ66 ሲሆን 1,294፤ 76 በ80 ሲሆን 1,452፤ 79 በ80 ሲሆን 1,569። አራቱን በተራ በንድፍ ጠረጴዛው ላይ አስገብቶ፣ ሌላውን ሁሉ ሳይነኩ የጉልበት መስመሮቻቸውን ጎን ለጎን ማስተያየት ይቻላል። ከዚያ ለራስ ደንብ ማውጣት ነው፦ ከ1,300 ሲሲ ያልበለጠ፣ በዝቅተኛ ኦክቴን የሚሠራ፣ ሰው ጭኖ ከፒያሳ ወደ እንጦጦ የሚወጣ የታክሲ ሞተር።