አንድ ቁልፍ ለሁለት በር

«ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» ይባላል። ቤቱንና ጎተራውን ሳይዘጋ የሚሄድ ሰው ለሌባ መንገድ ያመቻቻል። ስለዚህ ብዙዎቻችን ለመኖሪያ ቤታችን አንድ ጓጉንቸር፣ ለእህል ቤታችን ሌላ ጓጉንቸር እንገዛለን። ቁልፉ ግን ይበዛል። አንዱ ይጠፋል። አንዱ ከሌላው ጋር ይምታታል። ዝናብ እየመጣ በር ላይ ቆመን «የትኛው ነበር?» እንላለን።

ለዚህ መላ አለው። አሮጌውን ጓጉንቸር ስንለውጥ፣ በአንድ ዓይነት ቁልፍ የሚከፈቱ ሁለት ጓጉንቸሮች መግዛት እንችላለን። አመራረጡን ግን እንወቅ።

ቁልፍ እንዴት ይከፍታል?

በጓጉንቸር ውስጥ የሚዞር ክብ ብረት አለ። ልብ እንበለው። በልቡ ላይ ትንንሽ ዘንጎች በተርታ ቆመዋል። እያንዳንዱ ዘንግ ለሁለት የተከፈለ ነው። ትንንሽ ሞላዎች ዘንጎቹን ይጫኗቸዋል። ዘንጎቹም ልቡ እንዳይዞር ይይዙታል። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ፣ ጥርሶቹ ዘንጎቹን በልካቸው ያነሷቸዋል። ዘንጎቹ የተከፈሉበት ቦታ ከልቡ ጠርዝ ጋር እኩል ይሆናል። ያን ጊዜ ልቡ ይዞራል፤ ጓጉንቸሩም ይከፈታል።

ዘዴው ጥንታዊ ነው። የጥንት ግብፆች ከእንጨት ይሠሩት ነበር። ሊነስ ዬል የተባለ አሜሪካዊ ከብረት አሻሽሎ ሠራው። በትንሽ ጠፍጣፋ ቁልፍ እንዲከፈትም አደረገ። ለሥራውም እ.ኤ.አ. በ1861 እና በ1865 የባለቤትነት መብት አገኘ።

እንግዲህ የሁለት ጓጉንቸሮች ዘንጎች ቁመታቸው አንድ ከሆነ፣ አንድ ቁልፍ ሁለቱንም ይከፍታል። ምሥጢሩ ይኸው ነው። የውጭ መልካቸው ምንም አይነግረንም።

ገበያ ስንሄድ

1. ለነጋዴው በግልጽ እንንገረው። «ወንድሜ፣ በአንድ ቁልፍ የሚከፈቱ ሁለት ጓጉንቸሮች አሉህ?» እንበለው። «ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው» ቢለን ብቻ አንግዛ።

2. ቁጥሩን እናንብብ። ብዙ ጊዜ በቁልፉ ላይ ቁጥር ተቀርጿል። በአንዱ ላይ 4127፣ በሌላውም ላይ 4127 ካለ ጥሩ ምልክት ነው።

3. ሳንከፍል እንሞክር። ሁለቱን ጓጉንቸሮች እንቆልፍ። እያንዳንዱን ቁልፍ በሁለቱም ላይ እናዙር።

4. የሌላ ጓጉንቸር ቁልፍም እንሞክርበት። በርካሽ ጓጉንቸሮች የጥርሱ ዓይነት ጥቂት ነው። የጎረቤት ቁልፍ ከከፈተው ምን ይጠቅመናል?

በራችን ሰረገላ ቁልፍ ያለው ቢሆንስ? ሰረገላ ቁልፍና ጓጉንቸር አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቁልፍ አይሄዱም። የቁልፍ መግቢያቸው ይለያያል። ሁለት ሰረገላ ቁልፎች ካሉን ግን፣ ቁልፍ ሠሪ ዘንጎቻቸውን ለውጦ አንድ ሊያደርጋቸው ይችል እንደሆነ እንጠይቅ።

መጠንቀቅ ያለብን

አንድ ቁልፍ ጠፋ ማለት ሁለቱም በሮች ተከፈቱ ማለት ነው። ሌላ ሰው እጅ ገብቶ ይሆናል ብለን ከጠረጠርን፣ ሁለቱንም ጓጉንቸሮች እንለውጥ።

ቁልፉን አባወራው ብቻ አይያዘው። እማወራዋም የራሷ ይኑራት። እሱ ገበያ ውሎ እሷ ልጅ አዝላ ከደጅ መቆም የለባትም። ትርፉን ቁልፍ ለታመነ ዘመድ እንስጥ።

ሰው ውስጥ እያለ በሩን ከውጭ አንቆልፍ። እሳት ቢነሣ መውጫ የለውም።

ከሁሉ በላይ ይህን እናስታውስ። የፀረ ተባይ መድኃኒት የምናስቀምጥበት ሣጥን ከሌሎቹ ጋር በአንድ ቁልፍ አይከፈት። ልጃችንን «ሂድ፣ ጤፍ ቀድተህ አምጣ» ብለን ቁልፉን እንሰጠዋለን። ያው ቁልፍ የመርዙን ሣጥን የሚከፍት ከሆነ፣ መርዙን በእጁ ሰጠነው ማለት ነው። እህል ቢሰረቅ ሌላ ዓመት ይዘራል። ልጅ ግን አይተካም። ስለዚህ ለመርዙ ሣጥን ሌላ ጓጉንቸር እንግዛ። ቁልፉንም ልጅ ከማይደርስበት ቦታ እንስቀል።

ጓጉንቸር እንዲበረክት

አቧራ ጓጉንቸርን ያደርቃል። ወፍራም ቅባት ደግሞ አቧራውን ይይዛል። የምንጽፍበት እርሳስ ግን ይጠቅማል። ጥቁሩን ፍሬ አድቅቀን ጥቂት ዱቄት በቁልፉ መግቢያ እናግባ። ከዚያ ቁልፉን ደጋግመን እናዙረው። ይለሰልሳል።

እንወያይ

በቤታችን ስንት ቁልፍ አለ? ማን ማን ይዟል? የመርዙ ሣጥን የሚከፈተው በየትኛው ቁልፍ ነው?