ተረትና እውነታ፦ «አዲሱን ኩላሊት ሰውነት ይለምደዋል»

የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተደረገለት ሰው ዓመት ሁለት ዓመት በጤና ከከረመ፣ «ሰውነትህ ለምዶታል፤ አሁን ይህ ሁሉ ኪኒን ምን ያደርግልሃል?» የሚለው አይጠፋም። ምክሩ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ከእጥበት ተላቆ ፊቱ የበራ ሰው ያየ ሁሉ በሽታው አለቀ ቢል አይፈረድበትም። ከንቅለ ተከላ በኋላ ከሚወሩት ተረቶች ግን በእኔ ግምት ከዚህ የከፋ የለም። በሽታ ተከላካይ ሴሎቻችን የራስን አካል ከባዕድ የሚለዩት በሴሎች ገጽ ላይ ባሉ መለያዎች ነው። እነዚህ መለያዎች በዘር የሚወረሱ ስለሆኑ ዕድሜ አይለውጣቸውም፤ ኩላሊቱ በአሥረኛው ዓመትም ለሰውነቱ እንግዳ ነው። እንደ ታክሮሊመስና ማይኮፌኖሌት ያሉት መድኃኒቶች ጥቃቱን ይገታሉ፤ ሲቋረጡ ጥቃቱ ይመለሳል።

«ያለ መድኃኒት የኖረ ሰው አለ እኮ» የሚል ይኖራል። አዎ፣ አለ። እ.ኤ.አ. በ1954 ቦስተን ላይ ዶክተር ጆሴፍ መሬይና ባልደረቦቻቸው ያካሄዱት የመጀመሪያው የተሳካ ንቅለ ተከላ ታካሚ ስምንት ዓመት ያህል የኖረው በዚህ መልክ ነበር። ነገር ግን ኩላሊቱን የሰጠው ከአንድ እንቁላል የተገኘ መንታ ወንድሙ ነው፤ ሐኪሞቹም አስቀድመው ከአንዱ ቆዳ ወስደው በሌላው ላይ በመለጠፍ ሰውነቱ እንደሚቀበለው አረጋግጠው ነበር። መለያቸው አንድ ስለሆነ የሚዋጋ ነገር አልነበረም። ከዚያ ውጭ መድኃኒት አቁመው ኩላሊታቸው የቀጠለላቸው ጥቂት ሰዎች ተመዝግበዋል፤ ማን ከእነሱ ወገን እንደሚሆን አስቀድሞ የሚናገር አስተማማኝ ምርመራ ግን የለም። «እኔን ምንም አላመመኝም» የሚለውም ማስረጃ አይሆንም። ኩላሊት ሲጠቃ ብዙ ጊዜ አያምም፣ ሽንትም አይቋረጥም፤ በደም ውስጥ ክሬቲኒን ከፍ ብሎ ሲታይ ጉዳቱ ቀድሞ የደረሰ ሊሆን ይችላል። ቀጠሮ የማይታለፈው ለዚህ ነው።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ «መድኃኒቱ ራሱ ይጎዳል» የሚለው ነው፤ ሐሰት አይደለም። ታክሮሊመስ ሲበዛ ያንኑ ኩላሊት ይጎዳል፤ ከፕሬድኒሶሎን ጋር ሆኖ ስኳር ያመጣል፤ ለኢንፌክሽንና ለቆዳ ካንሰርም ያጋልጣል። ሐኪሞች መጠኑን ቀስ በቀስ የሚቀንሱት ይህን ስለሚያውቁ ነው፤ የሚቀንሱት ግን በደም ውስጥ ያለውን መጠን እየለኩ ነው። ለዚያ ምርመራ ጠዋት ደም የሚሰጥ ሰው ኪኒኑን ከተቀዳ በኋላ ነው የሚውጠው፤ አለዚያ ውጤቱ ያሳስታል። ይህን ሚዛን ከቤት ሆኖ ማዛባት ቀላል ነው። የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን ታክሮሊመስን በደም ውስጥ ክፉኛ ያወርደዋል፤ ግሬፕፍሩት ከፍ ያደርገዋል። ለወገብ ሕመም ከፋርማሲ በቀላሉ የሚገዛው ዳይክሎፌናክ ኩላሊቱን ይጎዳል። መጠኑና ይዘቱ ያልታወቀ የባህል መድኃኒትም ከዚሁ ይመደባል። ጾምን በተመለከተ፣ ታክሮሊመስ አብዛኛውን ጊዜ በየ12 ሰዓቱ የሚወሰድ በመሆኑ ሰዓቱን ከሐኪም ጋር መነጋገር ያስፈልጋል፤ የንስሐ አባትም ሆነ ኢማም ቢጠየቁ ለታማሚ የሚፈቀደውን ያውቃሉ። ጥሬ ሥጋ፣ ለብለብ ክትፎና ያልፈላ ወተት ግን የመከላከል አቅሙ በመድኃኒት ለተገታ ሰው ፈጽሞ አይሆኑም።

በአገራችን ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 ንቅለ ተከላ ሲጀምር ኩላሊት የሚሰጠው በሕይወት ያለ ዘመድ ነበር። እህት ወይም ወንድም የሰጠው ኩላሊት በቸልታ ቢጠፋ ሁለተኛ ሰጪ ከቤተሰብ ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ከዚህ ሁሉ ተነስቶ «እንግዲያው ተቀምጦ ይጦር» ማለት ደግሞ ሌላው ስሕተት ነው። ኩላሊታቸው እየሠራ ከሚሞቱት መካከል ብዙዎቹን የሚገድለው የልብና የደም ሥር በሽታ ስለሆነ፣ መቀመጥ ራሱ አደጋ ነው። ከባድ ዕቃ ማንሳት የሚከለከለው ቁስሉ እስኪጠና፣ ለመጀመሪያዎቹ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንታት ነው፤ ከዚያ በኋላ መራመድ፣ ጨው መቀነስ፣ ሲጋራ መተውና የደም ግፊትን መቆጣጠር ከኪኒኑ እኩል ይታያሉ። ንቅለ ተከላ የተደረገላቸው ሰዎች የሚወዳደሩበት የዓለም የስፖርት ውድድር እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ይካሄዳል። ትዳርና ልጅም አይከለከሉም፦ ሴት ብትሆን ቢያንስ አንድ ዓመት ትቆያለች፣ ማይኮፌኖሌት ፅንስን ስለሚጎዳ ከማርገዟ ከስድስት ሳምንት በፊት ሐኪሟ በሌላ መድኃኒት ይተካላታል፤ እርግዝናዋንም የኩላሊትና የማህፀን ሐኪሞች አብረው ይከታተላሉ።