ጭሱን ማን ያስረዳ?

[ድምፅ፦ የጄኔሬተር ጉርምርምታ። ከሩቅ የሚንጣጣ እሳት።]

ተራኪ፦ ከባግዳድ በስተሰሜን ባላድ የምትባል ከተማ አለች። በኢራቅ ጦርነት ጊዜ አሜሪካኖች ከአጠገቧ ትልቅ የአየር ጦር ሰፈር ነበራቸው። ብዙ ሺህ ሰው ባለበት ብዙ ቆሻሻ አለ፤ ቆሻሻውን የሚያነሳ ማዘጋጃ ቤት ግን አልነበረም። ስለዚህ አራት ሄክታር ያህል የሚሰፋ ጉድጓድ ተዘጋጀ። የላስቲክ ጠርሙስ፣ የመኪና ጎማ፣ ባትሪ፣ የቀለም ቆርቆሮ፣ ከሕክምና ድንኳን የወጣ ፋሻ፣ የወጥ ቤት ትራፊ፣ ሁሉም አንድ ላይ ይጣልበታል። የአውሮፕላን ነዳጅ ይርከፈከፍበትና ይለኮሳል። እሳቱ ሌት ተቀን አይጠፋም፤ በቀን ከ100 ቶን በላይ የሚነድበት ጊዜ ነበር። ነፋሱ ሲዞር ጭሱ ወታደሩ የተኛበት ድረስ ይገባል።

በአዲስ አበባ ቆሼ በኩል ያለፈ ሰው የተቃጠለ ላስቲክ ጉሮሮን እንዴት እንደሚይዝ ያውቃል። እሱ ግን አፍንጫውን ይዞ ያልፋል። ባላድ ያሉት አንድ ዓመት ሙሉ እዚያው በልተዋል፣ እዚያው ሮጠዋል፣ እዚያው ተኝተዋል። ጠዋት ጥቁር አክታ ይተፋሉ። ሳሉንም ለምደውት የቀልድ ስም አውጥተውለት ነበር።

[ድምፅ፦ እሳቱ ቀስ በቀስ ይጠፋል። ጸጥታ።]

ተራኪ፦ ሂዝ ሮቢንሰን የኦሃዮ ብሔራዊ ዘብ ባልደረባ ነበር፤ በጦሩ ውስጥ ሥራው ሕክምና። ኮሶቮ ዘምቷል፤ ኢራቅም ዘምቶ በቃጠሎ ጉድጓድ አጠገብ ሰፍሯል። አገሩ ከተመለሰ ከዓመታት በኋላ፣ በ2017፣ የሳንባ ካንሰር ተገኘበት። በ2020 ሲሞት 39 ዓመቱ ነበር፤ ሚስትና ትንሽ ልጅ ትቷል። ዛሬ የምንነጋገርበት ሕግ በስሙ ነው የሚጠራው። ዝግጅታችንን ከመቀጠላችን በፊት ግን አንድ ማሳሰቢያ፦ የምንጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በጦርነት እጁን ያጣ ሰው መሥሪያ ቤት ሲቀርብ ምስክር አያስፈልገውም፤ እጁ የለም። ጭስ የተነፈሰ ሰው ግን ምን ይዞ ይቅረብ? የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ እዚህ ሁላችንም ቪኤ የምንለው፣ ለረጅም ጊዜ ጥያቄው አንድ ነበር፦ ያመመህ ያ ጭስ መሆኑን አስረዳ። የሕግ ሰዎቻችን የማስረዳት ሸክም የሚሉት ይህ ነው። በዚያች ሌሊት ነፋሱ ወዴት እንደነፈሰ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ምን እንደተጣለ፣ አየሩ ውስጥ ምን ያህል መርዝ እንደነበረ ማን መዘገበው? ሸክሙ ግን የወደቀው ደረጃ ለመውጣት ትንፋሽ ባጠረው ሰው ላይ ነበር። እስከ 2020 ድረስ ከቃጠሎ ጉድጓድ ጋር በተያያዘ ከቀረቡት ማመልከቻዎች ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት ውድቅ ተደርገዋል።

ሐኪሞችም ቢሆኑ ግራ ተጋብተው ነበር። በቴነሲ የሚገኘው የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ዘንድ ከፎርት ካምቤል ጦር ሰፈር ወታደሮች ይላኩ ጀመር። ጎልማሶች ናቸው፣ ጡንቻቸው የፈረጠመ። ሁለት ማይል ሮጦ ፈተና ማለፍ ግን አቅቷቸዋል። የደረት ራጅ ሲነሱ ንጹሕ፤ የትንፋሽ ምርመራውም ብዙ አይናገርም። ሌላ ቦታ ቢሆን ሰነፍ ተብለው ይሸኙ ነበር። እዚህ ሐኪሞቹ አንድ ከባድ ውሳኔ ወሰኑ፤ በቀዶ ሕክምና ከሳንባቸው ናሙና ወሰዱ። ውጤቱ በ2011 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ፦ ከተመረመሩት 80 ወታደሮች 49ኙ ናሙና ሰጡ፤ ከእነሱ ውስጥ 38ቱ የሳንባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች ጠብበውና ጠባሳ ሠርተው ተገኙ። ከ38ቱ የ37ቱ ራጅ ምንም አላሳየም ነበር። ብዙዎቹ በ2003 ከሞሱል አጠገብ ሚሽራቅ በሚባል ቦታ የድኝ ማምረቻ ሲቃጠል ጭሱ ያገኛቸው ናቸው።

እንግዲህ አስቡት። ማስረጃ ለማምጣት ደረቱን ማስከፈት ግድ የሆነበት ሰው ነው ማመልከቻ ይዞ የሚቀርበው።

[ሙዚቃ፦ ዝግ ያለ ክራር፣ ለጥቂት ሰከንዶች።]

ተራኪ፦ ነገሩ በኢራቅ አልተጀመረም። ከ1962 እስከ 1971 የአሜሪካ አውሮፕላኖች በቬትናም ደን ላይ ቅጠል የሚያረግፍ መድኃኒት ይረጩ ነበር። ከሁሉም በብዛት የተረጨው፣ በርሜሉ ላይ ብርቱካንማ ቀለበት ስለተቀባበት፣ ኤጀንት ኦሬንጅ ተባለ፤ ውስጡ ዳዮክሲን የሚባል መርዝ ነበረበት። በ1977 ቺካጎ ውስጥ በዚያው በቪኤ ለምትሠራ፣ ሞድ ዴቪክተር ለምትባል ጉዳይ አስፈጻሚ አንዲት ሴት ደወለችላት። ባሏ በካንሰር እየሞተ ነው፤ ያመመኝ ቬትናም የተረጨው ነገር ነው ይላል። ሞድ አለቆቿን ጠየቀች፤ የሚያውቅ የለም። እሷ ግን የሚመጡላትን ታማሚዎች በራሷ ወረቀት ላይ መመዝገብ ጀመረች። በማግስቱ ዓመት የቺካጎው ጋዜጠኛ ቢል ከርቲስ ጉዳዩን በቴሌቪዥን ዘጋቢ ፊልም አወጣው። በዚያው ዓመት ፖል ሮይተርሻን የሚባል፣ በሄሊኮፕተር በመርዙ ደመና ውስጥ ሲበር የነበረ ወጣት ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ፣ እኔ ቬትናም ውስጥ ሞቼ ኖሮ አላወቅሁም ነበር የሚል ነገር ተናገረ። ዓመቱ ሳያልቅ ሞተ።

ለቬትናም ዘማቾች ሕግ የወጣው በ1991 ነው። የመጀመሪያው ርጭት ከተረጨ 29 ዓመት አለፈ ማለት ነው። ያ ሕግ ግን አንድ ትልቅ ነገር አመጣ፤ ግምት። ወታደሩ ቬትናም ከነበረና ከተዘረዘሩት በሽታዎች አንዱ ከያዘው፣ መንስኤው ያ መርዝ እንደሆነ ሕጉ ራሱ ይገምትለታል። እኔ ይህን ታሪክ ሳነብ ከመድኃኒቱም ከሆስፒታሉም በላይ የሳበኝ ይህች ቃል ናት። ሸክሙን ከታማሚው ትከሻ ላይ የምታወርደው እሷ ናትና።

የጨረራ ወታደሮች የሚባሉትም አሉ። ከ1946 ጀምሮ የኒውክሌር ቦምብ ሲሞከር አጠገቡ እንዲቆሙ የታዘዙ ናቸው። ምሥጢር እንዲጠብቁ ስለማሉ ለሐኪማቸው እንኳ መናገር አይችሉም ነበር። መሐላው የተነሳላቸው በ1996 ነው።

እዚህች ዓመት ላይ ትንሽ እንቁም። በዚያው በ1996 ፔንታጎን ሌላ ነገር አመነ፦ በ1991 ኢራቅ ውስጥ ካሚሲያ የሚባል የጥይት ግምጃ ቤት የአሜሪካ ወታደሮች ሲያፈርሱ፣ ውስጡ የነርቭ ጋዝ ነበረበት። አሁንም በዚያው ዓመት፣ በሮም፣ የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ጦሩ በኢትዮጵያ ላይ የመርዝ ጋዝ መጠቀሙን በይፋ አመነ። ስድሳ ዓመት ቆይቶ!

ይህኛውን እኛ ከማንም አንሰማውም። በ1935 ዲሴምበር ተከዜ ላይ በራስ እምሩ ጦር ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ወረደ። ንጉሠ ነገሥቱ በጁን 1936 ጄኔቫ ላይ አውሮፕላኖቹ መርዙን እንደ ዝናብ እንዴት እንደረጩት ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ተናግረዋል። ያ ዘማች በባዶ እግሩ ነበር የሚሄደው። ሣሩን ሲረግጥ እግሩ ይላጣል፣ ወንዙን ሲጠጣ አንጀቱ ይቃጠላል። ዓይኑ እየፈዘዘ መንደሩ የገባ አርሶ አደር ማመልከቻ የሚያስገባበት መስኮት አልነበረውም። አሜሪካዊው ወታደር መስኮቱ ነበረው፤ ይዘጉበት ነበር እንጂ።

[ድምፅ፦ ነጎድጓድ። ዝናብ በድንጋይ ደረጃ ላይ ሲወርድ።]

ተራኪ፦ ጁላይ 27 ቀን 2022፣ ዋሽንግተን። በጁን ወር ሴኔቱ 84 ለ14 ያሳለፈው፣ በሂዝ ሮቢንሰን ስም የሚጠራው ሕግ፣ ለአንዲት ማስተካከያ ተመልሶ መጥቷል። በዚያ ቀን የሚያስፈልገው 60 ድምፅ ነው፤ 55 ብቻ አገኘ። ቀድሞ ደግፈው የነበሩ ብዙ ሪፐብሊካኖች ድምፃቸውን ለወጡ። ችግሩ ከታማሚዎቹ ጋር ሳይሆን ከበጀቱ አመዳደብ ጋር ነው አሉ። ክርክሩ እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ኦክሲጅን ተሸክሞ ለመጣ ሰው ግን የበጀት ዓምድ ማስረዳት ከባድ ነው።

የቀድሞ ወታደሮቹ ወደ ቤታቸው አልሄዱም። በምክር ቤቱ ደረጃ ላይ አደሩ፤ በሙቀትም በዝናብም። ኮሜዲያኑ ጆን ስትዋርት አብሯቸው ነበር፤ ያን ሰሞን ቀልድ አላወራም። ኦገስት 2 ሕጉ 86 ለ11 አለፈ፤ ኦገስት 10 ፕሬዚዳንት ባይደን ፈረሙበት። የእሳቸውም ልጅ ቦ፣ ባላድ ውስጥ አገልግሎ በ2015 በአንጎል ካንሰር ሞቷል። መንስኤው ጭሱ ይሁን አይሁን አባትየው በእርግጠኝነት መናገር እንደማይችሉ ራሳቸው ተናግረዋል። ፕሬዚዳንት ሆነውም ማስረዳት አልቻሉም።

በአጭሩ ፓክት አክት የሚባለው ይህ ሕግ ያቺን ግምት የምትባል ቃል ወደ ኢራቅና አፍጋኒስታን ዘማቾች አመጣት። ከ20 በላይ በሽታዎች ዝርዝሩ ውስጥ ገቡ፤ ከአገልግሎት በኋላ የመጣ አስም፣ የማይለቅ ሳይነስ፣ የሳንባ፣ የአንጎል፣ የኩላሊት፣ የቆሽት ካንሰር። ለቬትናም ዘማቾች የደም ግፊት ተጨመረ።

የቦታዎቹ ዝርዝር ደግሞ እኛ ሰፈር ድረስ ይመጣል። ከ1990 ኦገስት ጀምሮ ሶማሊያ ያገለገለ፣ ከ2001 ሴፕቴምበር 11 ጀምሮ ጅቡቲ ያገለገለ፣ እኩል ይታያል። የአሜሪካን ዩኒፎርም ለብሰው ካምፕ ሌሞኒዬ የቆሙ የሐበሻ ልጆች ይህን ልብ ይበሉት። የእኛ ሰው ሕመሙን አያወራም፤ ወታደር ሲሆን ደግሞ ይብስበታል። ሳሉን ብርድ ነው ይላል። ለእናቱ ላለመናገር ሲል ለሐኪሙም ሳይናገር ይቀራል።

ስለዚህ ወደ ሥራው እንግባ። በቪኤ ሕክምና የተመዘገበ ሰው የመርዝ ተጋላጭነት ምርመራ መጠየቅ ይችላል። ደም አይቀዳም፤ ደቂቃዎች የሚወስድ ጥያቄና መልስ ነው። የት ነበርክ፣ መቼ፣ ጭስ ነበር ወይ። ካሣ ለመጠየቅ ግን ይህ አይበቃም፤ ማመልከቻው ለብቻው ነው። ቀድሞ ውድቅ የተደረገበትም በአዲሱ ሕግ እንደገና ማቅረብ ይችላል። ባሏን በዚህ በሽታ ያጣች ሚስትም ለራሷ ማመልከት ትችላለች። አንዳንዶቻችን የሞተ ሰው ጉዳይ ተዘጋ ብለን ወረቀቱን ከፎቶው ጋር ሻንጣ ውስጥ እንከታለን፤ አይዘጋም።

ወረቀቱን ለመሙላት ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ከመጣ በሩን ዝጉበት። እንደ አሜሪካን ሌጅን ያሉ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት ቪኤ ፈቃድ የሰጣቸው ሰዎች አሏቸው፤ ያለ ክፍያ ነው የሚሠሩት። እንግሊዝኛው ለሚከብዳት እናት ልጅ አብሮ ይሂድ።

አንድ ነገር ግን ለነገ አይባልም። ወረቀቱ ሁሉ ተሟልቶ እስኪገኝ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ነገር ግን ቪኤ ላይ ላመለክት አስቤያለሁ ብሎ ማስመዝገብ በስልክም ይቻላል። ከዚያ ማመልከቻውን አሟልቶ ለማስገባት አንድ ዓመት አለ፤ ጥያቄው ሲፈቀድም ካሣው ብዙውን ጊዜ ወደኋላ ሄዶ የሚቆጠረው ከዚያ ከተደወለበት ቀን ጀምሮ ነው። ደዋዩ ስሙን ይናገራል፤ ወዲያ ማዶ ያለችው ሠራተኛ ቀኑን ትጽፋለች።

[ድምፅ፦ ስልክ ይጠራል። አንዴ። ሁለቴ። ይነሳል።]